ውሃ ልክ

ባለ ሦስት እግሩን ተከልን፤ ነፋስ ነቀነቀው።
ሙባረክ ድንጋይ ለቅሞ በየእግሩ አስደገፈው።
"አዳማ ነው" አለ መምህር ገመዳ፣
"እዚህ ነፋስ ባለቤት ነው፣ ሰው ነው እንግዳ።"
ከጀርባው፣ ከጋራው ጫፍ፣ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች
ክንፋቸውን ያዞራሉ፣ እንደማይቸኩሉ ሠራተኞች።

በመሣሪያው አንገት፣ ከመስታወት ስር፣ አንዲት የአየር እንክብል
ወዲህ ስንላት ወዲያ፣ ወዲያ ስንላት ወዲህ ስትል፣
"ውሃ ልኩ ሳይረጋ መሬት አታናግሩ" አለን፣
"ዓይን ከተንጋደደ ሜዳውን ይለዋል ዳገት፤
እዚህ የጣት ስሕተት፣ እዚያ ታች የሰው ቤት።"

ሥራችን ይህ ነበር፦ ከገንደ ሀራ በላይ ያለውን ቦረቦር
ነጥብ በነጥብ ለቅሞ በኮምፒውተር ሆድ ማኖር።
ናርዶስ በመነጽሩ ታያለች፣ ሙባረክ ይጽፋል፣
የእኔ ድርሻ ዘንግ ነው፤ መንገዴ እሾህና ቁልቋል።
በአፍ አልተግባባንም፣ በእጅ ምልክት እንጂ፤
ድምፃችንንማ ነፋስ ወስዶታል ወደ ወንጂ።

መቶ አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች፤
የቦረቦሩ ከንፈር ከጫማዬ ስር ተሸረፈች።
ታች ፌስታል፣ የጎማ ቁራጭ፣ የበሰበሰ ጆንያ።
ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው። ደግሞም ርቦኝ ነበር።
ዘንጉን ከዳር ተከልኩት፣ አንድ እርምጃ ሳልሻገር፣
እጄን አነሳሁ። ናርዶስ አየች፤ ሙባረክ ጻፈ፦
"የቦረቦር ወለል።" አንድ ውሸት እንዲህ አለፈ።

ማታ፣ ቤተ ሙከራ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ።
ሦስት ማዕዘን ከሦስት ማዕዘን ተሰፍቶ መሬት ወጣ፤
ኮንቱሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ አውራ ጣት አሻራ፤
ከቦረቦሩ መሃል ግን ማንም ያልወጣው ተራራ።
መምህር ገመዳ ዝም ብሎ ዝናብ ለቀቀበት።
ሰማያዊው መስመር ወርዶ ወርዶ ውሸቴን ተጋጨበት፣
ወደ ግራ ተጠመዘዘ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ፈሰሰ።
"እንግዲህ በዚህ ካርታ" አለ መነጽሩን እያበሰ፣
"ታች ያሉት ቤቶች ድነዋል፤ አንድም ፍራሽ አልራሰ።
ማነው ሄዶ የሚያበስራቸው?"

ናርዶስ ወደ እኔ አየች። እኔ ጫማዬን አየሁ።
"ነገ ጠዋት" አልኩ፣ "ወርጄ እለካዋለሁ።"

በገመድ ወረድኩ። ነጥቡ ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤
ስድስት ሜትር ከሃያ ጎደለ ትናንት ካልኩት።
ከቦረቦሩ አፍ ላይ፣ ከጭቃ ቤት ደጃፍ፣ አንዲት እናት
ጀሪካን እያጠቡ፣ "ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። "ነጥብ" አልኳቸው።
አዴ በዳቱ ይባላሉ። ነጥብ መጥፋቱ አላስገረማቸው።
"የጎርፉን ነገር ከሆነ፣ ና ግድግዳዬን እይ።"
ከመቃኑ በስተቀኝ፣ በሚስማር ተጭሮ፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣
አምስት መስመር፦ "ይኼኛው ፍየሌን፣ ይኼኛው የልጄን ደብተር፤
ይኼ ሌሊት መጥቶ፣ አልጋ ስር ሲያንኳኳ የነበር።"
"የላይኛውስ?"
"እሱን ከጣራ ከወረድኩ በኋላ ነው የጫርኩት።"

እኛ ሁለት ቀን ሙሉ በስንት መሣሪያ የደከምንበት፣
እሳቸው በአንዲት ሚስማር፣ በየክረምቱ፣ ጨርሰውት!
ዘንጌን ከግድግዳው አስጠጋሁ። እንክብሏን ጠበቅኳት፤
ተንቀጠቀጠች፣ ዋለለች፣ መሃሉ ላይ ገባች፣ ረጋች።
እጄን አነሳሁ፤ ናርዶስ ከላይ ያዘች።
ሙባረክ ግን እጁን ዘረጋ፦ ምን ብዬ ልጻፍ?
በዝርዝራችን መንገድ አለ፣ ምሰሶ አለ፣ አለ ዛፍ፣
ለዚህ የሚሆን ስም የለም።
ነፋሱ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠብቄ ጮህኩለት፦
"ውሃ ልክ!"

"ጨረስክ?" አሉ አዴ በዳቱ። "እንግዲያው ያን ዘንግ ወዲያ በለው፤
ልብስ ላሰጣ ነው።"